ማስተዋል ቤቷ ትግባ

ሰቆጣ ውስጥ ሹሩባ የሚሠራ ሞልቷል። እኛ ትሁት ጋ የምንሄደው ግን ለሹሩባው ብቻ አይደለም። ትሁት ልብ ወለድ ትጽፋለች። ማታ ስልኳ ላይ የጻፈችውን ቀን ፀጉራችንን እየሠራች በቃሏ ትተርክልናለች። ቢሰለቸንስ የት እንሄዳለን? ጭንቅላታችን ጉልበቷ መሃል ነው።

የልብ ወለዱ ባለታሪክ ማስተዋል የምትባል፣ የእኛው የዋግ ዝቋላ ልጅ ናት። እናቷ ለአንድ ባለብዙ ፍየል ሊድሯት ቃል ሲሰጡ፣ ጎህ ሳይቀድ ጠፍታ ከተማ ትገባለች። ሰው ቤት ትሠራለች፤ በማታ ትማራለች፤ አንድ ሹፌር ያፈቅራታል። ሹፌሩን እኔ አልወደድኩትም። ትሁትም የዝቋላ ልጅ ናት፤ ሰርግ ሸሽታ ነው የመጣችው፤ ከዚያ ወዲህም እናቷን አላየችም። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። እንደምናውቅ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ነሐሴ ገብቶ የሻደይ በዓል ሲቃረብ፣ ልጃገረዱ ሁሉ ተሠርቶ፣ ለምለም የሻደይ ሣር ወገቡ ላይ አስሮ ሊጨፍር ሲሰናዳ፣ ትሁት መጨረሻውን ነገረችን። ማስተዋል ለበዓሉ አገሯ ትሄዳለች፤ እናቷ በሩን ይዘጉባታል፤ እያለቀሰች ትመለሳለች። አለቀ።

ጓደኛዬ ኤደን ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ሳለ ብድግ አለች።

«ማስተዋል ቤቷ ሳትገባ ይህን ፀጉር አትነኪውም!»

«አንች እብድ፣ እንዲህ ሆነሽ ልትወጪ ነው?»

«እወጣለሁ!»

ወጣችም። ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ ጨብረር እንዳለ ገበያ ለገበያ ዞረች፤ ምን ሆነሽ ያላትን ሁሉ ይዛ ታሪኩን ከነመጨረሻው ነገረችው። ከዝቋላ የመጡ ገበያተኞችም ከብበው ሲሰሙ አይቻለሁ። ትሁት ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተናደደች፣ ከዚያ አለቀሰች።

«እናቴ የእውነት በሩን ብትዘጋብኝስ?» አለችን።

ኤደንና እኔ ይዘናት ወደ ዝቋላ ሄድን። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። መንገዱን የምታውቀው እሷ፣ ከኋላ የምትጎተተውም እሷ። በየመታጠፊያው ደከመኝ ትላለች። ፈርታ እንደሆነ ስለገባን እጇን ይዘን ወረድን።

እናቷን እማማ ወለተ ሰንበትን ደጃፋቸው ላይ፣ ሰፊ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ማሽላ ሲለቅሙ አገኘናቸው። ትሁት ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ሰፌዱን አስቀመጡ።

«አንች ልጅ፣ በሩን ዘጋችባት ብለሽ ጻፍሽ አሉ። ገበያተኛው ሁሉ ነገረኝ።»

«ልብ ወለድ ነው እኮ፣ እማ።»

«የቱን በር ነው የዘጋሁት?» የተቀመጡበትን ጣውላ በመዳፋቸው መቱት። «መዝጊያው ይኸውልሽ። አንች የሄድሽ ለት ነው የነቀልሁት። በሌሊት ብትመጣ ውጭ እንዳትቆም ብዬ።»

ቀና ብዬ አየሁ። በሩ ባዶውን ነው።

«ጅቡንስ አይፈሩም?» አለች ኤደን እንባዋን እየጠረገች።

«እሱ ይፍራኝ እንጂ!»

ኤደን እልልታውን አቀለጠችው። እኔም አላስቻለኝም፤ ደስታው ከእኔ ቤት የመጣ ይመስል አብሬ እልል አልኩ። እማማ ወለተ ሰንበት ግን የኤደንን ጭንቅላት አይተው ደነገጡ፤ ትሁትም ያን ግማሽ ፀጉር እዚያው ጨረሰችው። እሷ ስትጨርስ እናቷ ጎትተው ጉልበታቸው መሃል አስቀመጧትና ሹሩባዋን ይፈቱ ጀመር።

«በይ አሁን ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አሏት። «ያን ሹፌር ግን አልወደድሁትም።»