ንግሥት የደወለችበት ጧት

ንግሥት ባሏን በስልክ ካላገኘችው ቀኑ የጀመረ አይመስላትም ነበር። ጥበቡ ጎህ ሳይቀድ ከቤት ይወጣል፤ ከሮም ከተማ ውጭ ካለው የጅምላ ገበያ አትክልት ፉርጎኔ በሚሏት ትንሽ የጭነት መኪናው ጭኖ ኤስኲሊኖ ሰፈር ላሉት ሱቆች ያከፋፍላል። እሷ ደግሞ ከሚኖሩበት ከቶር ፒኛታራ ተነስታ በትራም ሞንቴቬርዴ ድረስ ትሄድና ሲኞራ ኦርኔላ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ታስታምማለች። ትራሙ ላይ መቀመጫ ባገኘች ቁጥር እጇ ሳታዝዘው ስልኩን ያወጣል።

«የት ደረስክ?» ትለዋለች። «ቁርስ በላህ?» «ዛሬ ይበርዳል፣ ሹራቡን ለብሰሃል?»

ጥበቡም ያነሳል። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ እጁ ጆሮው ላይ፣ እየሳቀ ይመልስላታል። አንድ ጊዜ ሳያነሳ ቀርቶ አምስት ጊዜ ደጋግማ ደውላለት ነበር። የዚያን ዕለት ቤት ሲገባ አኩርፋ ጠበቀችው፤ ራቱን አቀረበችለት እንጂ አላናገረችውም። ከዚያ ወዲህ ስልኳን ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም። የሚያውቋቸው ሰዎች «እንዴት ቢዋደዱ ነው!» ይሉ ነበር፤ እውነትም ይዋደዱ ነበር።

ያቺ የጥቅምት ማክሰኞም ከሌሎቹ ጧቶች የተለየች አልነበረችም። ለእሑድ የማኅበሩ ተራ የእነሱ ነው። ንግሥት በሐሳቧ ወጡን ከአሁኑ ጀምራዋለች። ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትራሙ ውስጥ ሆና ደወለችለት።

«ስማ፣ ቀይ ሽንኩርት እንዳትረሳብኝ። ለእሑድ ነው።»

«እሺ። ስንት ኪሎ?»

መልሱን ልትነግረው አፏን ስትከፍት ስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ጓ አለ። ብረት ተጨማደደ፣ መስታወት ረገፈ፤ ከዚያ ክላክስ ሳያቋርጥ መጮህ ጀመረ። ከሩቅ አንድ ሰው በጣሊያንኛ «ፌርሞ! ፌርሞ! አትንቀሳቀስ!» ሲል ይሰማል። ጥበቡን የሚመስል ድምፅ ግን የለም። «ጥበቡ! ጥበቡ!» ብላ ስትጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። ስልኩ ሳይዘጋ ብዙ ቆየ፤ እሷም አልዘጋችውም።

ቪያ ካዚሊና የሚባለው መንገድ ላይ መብራት ይዞት የቆመ የቆሻሻ መኪና ነበር፤ ጥበቡ ሄዶ ከኋላው ተላተመበት። ግንባሩ መስታወቱን፣ ደረቱ መሪውን መታ፤ ሦስት የጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ፤ ቀኝ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ንግሥት ሆስፒታል ስትደርስ ወደ ቀዶ ሕክምና እያስገቡት ነበር። ወረቀት ይዞ ኮሪደሩ ላይ የቆመ አንድ ጠና ያለ ፖሊስ አገኘች። ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖ ነው የነገራት።

«ሲኞራ፣ ቀበቶው እኮ ተቆልፎ ነበር። ሰውየው ግን ውስጡ አልነበረም።»

ንግሥት ነገሩ ወዲያው ገባት። ጥበቡ በቀን አርባ ጊዜ ከመኪናው ይወርዳል፣ አርባ ጊዜ ይወጣል። መኪናው እየጮኸ እንዳይነዘንዘው ቀበቶውን በወንበሩ ጀርባ አዙሮ ይቆልፍና ተደግፎት ይነዳል። ይህን ብልሃት መጀመሪያ ሲያሳያት እሷም ስቃ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጥበቡ መናገር ሲችል ፖሊሱ ተመልሶ መጣና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀው።

«ፀሐይ ዓይኔን ወጋችኝ» አለ ጥበቡ። ይህን ሲል ወደ ንግሥት አላየም።

ሊጠይቁት ለመጡት ዘመዶችም ያንኑ ደገመላቸው። «ፀሐይ ናት፣ ድንገት!» እያለ። ንግሥት ከራስጌው ቆማ ብርቱካን ትልጣለች። እሱ ሸፈናት፣ እሷም ተሸፈነች። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑም ስለዚያ ስልክ አንዳቸውም አላነሱም። ሌሊት እንቅልፍ ሲያሸልባት ግን «ስንት ኪሎ?» የሚል ድምፅ ይቀሰቅሳታል።

ጥበቡ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ንግሥት ሌላ ሰው ሆነች። ልጇ ማርቲ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናት፤ ነርስነት ትማራለች፣ አሮጌም ብትሆን የራሷ መኪና አላት። እሑድ እሑድ እናቷንና የክርስትና እናቷን እትዬ አብረኸትን ወደ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች። ንግሥት ገና በሩን ሳትዘጋ ትጀምራለች፦

«ማርቲ፣ ቀበቶ! እትዬ፣ እርስዎም ቀበቶዎን ያድርጉ እንጂ።»

እትዬ አብረኸት ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን የኖሩት ሮም ውስጥ፣ በሰው ቤት ሲሠሩ ነው። በቀላሉ የሚታዘዙ ሴት አይደሉም።

«ከኋላ እኮ ነው የተቀመጥኩት ልጄ፤ ከኋላ ደግሞ ምን ያደርጋል? ነጠላዬን ያጨማድድብኛል። ጥበቡም ቢሆን በእግዜር ቸርነት ተረፈ እንጂ በቀበቶ አልተረፈ!»

ማርቲም ቀበቶውን ታስራለች እንጂ ስልኳ ከጭኗ ላይ አይነሳም። መብራት በያዛት ቁጥር ዝቅ ብላ ታነባለች፤ አንዳንዴ መብራቱ ለቋትም ታነባለች።

«ማማ፣ ሴማፎሮው ቀይ ሆኖ ቆሜ እኮ ነው! ባስታ፣ በቃ!»

ንግሥት ምክሯ አልሰማ ሲላት የአደጋ ቪዲዮ መላክ ጀመረች። የተገለበጠ መኪና፣ የሚያለቅሱ እናቶች፤ ያገኘችውን ሁሉ ለማርቲ ትልካለች። አንድ ቀን ማርቲ ፊቷ ጠቁሮ ቤት ገባች።

«የላክሽልኝን ቪዲዮ ራኮርዶ አውራ ጎዳና ላይ ስከፍት ከፊቴ ያለው መኪና ፍሬን ያዘ። ለጥቂት ነው የተረፍኩት። እባክሽ ማማ፣ ተይኝ!»

ንግሥት ያን ቀን ራሷን ጠላች። ልጇ እየነዳች መሆኗን ሳታስብ፣ ያው እጇ ሳታዝዘው ነበር የላከው።

ሲኞራ ኦርኔላ ዓይናቸው ደከመ እንጂ ልባቸው ንቁ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ንግሥት ምስሩን ሦስት ጊዜ ስትለቅም አይተው ምን እንደከበዳት ጠየቋት። ንግሥት ሁሉንም አልነገረቻቸውም፤ «በቤቴ ሰዎች መኪና ሲነዱ ስልክ ያናግራሉ፣ ብመክርም የሚሰማኝ የለም» ብቻ አለች። ሲኞራ ትንሽ አሰቡ።

«ባሌ ሠላሳ ዓመት ትራም ነድቷል» አሉ። «አዲስ ተጋብተን ሳለ እሱን ለማየት ብዬ ትራሙ ላይ እሳፈር ነበር። ከጀርባው ቆሜ ሳወራው አይመልስልኝም። ከራሱ በላይ ‹ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው› የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ምን ያህል ተቀየምኩት መሰለሽ! መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲደርስ ግን ዞሮ ‹አሁን ንገሪኝ› ይለኛል። የተናደድኩበት ነገር ፍቅር መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ንግሥት መለስ አድርገው «አሎራ፣ ለምን እነሱን ብቻ ትመክሪያለሽ? በዚያኛው ጫፍ ማነው የሚያወራው?» አሏት።

ንግሥት ምስሩን አስቀምጣ ኩሽና ገባች፤ ውኃውን ከፍታ ቆመች።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ እሑድ ዝናብ እየጣለ ሦስቱ ሴቶች ወደ ማኅበር ይሄዱ ነበር። ማርቲ ትነዳለች፣ ንግሥት ከጎኗ ናት፣ እትዬ አብረኸት እንደ ልማዳቸው ከኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። የማርቲ ስልክ ጮኸ። ጥበቡ ነው፤ ክራንቹን አስደግፎ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ የት እንደደረሱ ሊጠይቅ። ማርቲ እጇን ስትዘረጋ ንግሥት ስልኩን ቀድማ በመዳፏ ሸፈነችው።

«አታንሺው።»

«አባቢ ነው እኮ! ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ።»

«አታንሺው አልኩሽ። አባትሽ የተጋጨ ጊዜ የሚያናግረው እኔን ነበር።»

ስልኩ በመዳፏ ሥር ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ይመላለሳል። ማርቲ ፍሬቻ አሳይታ ዳር ያዘችና ሞተሩን አጠፋች።

«ሽንኩርት እንዳይረሳ ልነግረው ነበር የደወልኩት» አለች ንግሥት። «ስንት ኪሎ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ሰማሁት፤ ሲጋጭ በጆሮዬ ሰማሁት። ፀሐይ የሚለው ለእኔ ብሎ ነው።»

«አውቄ ነበር» አለች ማርቲ። «ማን እንደደወለ አላወቅኩም እንጂ ፀሐይ እንዳልነበረች አውቄያለሁ። በዚያ ሰዓት ወደ ከተማ ሲመጣ ፀሐይ ከኋላው ናት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈራሁ ማማ።» እንባዋ ወረደ። «እኔም እደውልለት ነበር። ያን ቀን የደወልኩት እኔ ብሆንስ እያልኩ ስንት ጊዜ የስልኬን የጥሪ መዝገብ እንዳየሁ…»

ንግሥት ልጇን ስባ አቀፈቻት። ሁለት ወር ሙሉ አንዲት ሸክም ለሁለት፣ ግን ተደባብቀው ነበር የተሸከሙት።

ከኋላ ኮሽታ ተሰማ። እትዬ አብረኸት ጎንበስ ብለው በወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ነገር ይፈልጋሉ።

«ምን ጠፋብዎት እትዬ?»

«ይሄ ነገር የት ነው የሚገባው?» አሉ፣ የቀበቶውን ጫፍ ከፍ አድርገው። አርባ ዓመት በመኪና ሲሄዱ ከኋላ ያለው መቆለፊያ የት እንደሆነ አያውቁም ነበር። አለማወቃቸውንም ማንም እንዲያይባቸው አልፈለጉም ኖሯል። ማርቲ እንባዋን ጠርጋ በዝናቡ ወረደች፤ በሩን ከፍታ፣ ነጠላውን ቀስ ብላ አንስታ ቆለፈችላቸው። «አልጠበቀብዎትም?» አለቻቸው። «ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው» አሉ እትዬ፣ እንደማፈር ብለው።

ንግሥት የዚያኑ ዕለት ለጥበቡ ነገረችው። መጀመሪያ ተቆጣ።

«ማን ተናገሪ አለሽ? እኔ ችዬው የተቀመጥኩትን!»

«እኔ አልቻልኩትማ።»

«አንቺ ደወልሽ፤ ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ። እጄን የጎተተው የለም። ቀበቶውንም ከጀርባዬ ያዞርሽው አንቺ አይደለሽም።»

«ባታነሳ ግን አኮርፍ ነበር።»

ጥበቡ የሚታጠፈውን እግሩን ሰበሰበ፤ የማይታጠፈውን እንደተዘረጋ አየው።

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «ታኮርፊ ነበር።»

በሃያ አምስት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ በግልጽ ተነጋግረው አያውቁም። ንግሥት አለቀሰች፤ እሱም ተዋት፣ እስክትጨርስ ድረስ አባብሎ ዝም ሊያሰኛት አልሞከረም።

በሚቀጥለው ማኅበር ጥበቡ በክራንቹ ተነስቶ ራሱ አወራው። አላስረዘመም፤ ስልኩንም፣ ቀበቶውንም፣ ስለ ፀሐይ የዋሸውንም ተናገረ። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሾፌር ግን «እኛ ለምደነዋል ወንድሜ፣ ሥራ ነው» ብሎ ሲወጣ ገና በሩ ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይሰማም፤ ንግሥትም ከዚያ ወዲያ ማንንም በቪዲዮ አላሳደደችም። የሚያናግራት ሰው መኪና ውስጥ ያለ ከመሰላት «እየነዳህ ነው?» ትላለች፤ አዎ ካላት ቻው እንኳ ሳትል ትዘጋለች። የተቀየሟት አሉ።

መጋቢት ላይ ጥበቡ በአደጋው የተወሰደበት መንጃ ፈቃድ ተመልሶለት እንደገና መንዳት ጀመረ። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ እሺ አይለውም፤ ሳጥኑን የሚያወርዱለት ባለሱቆቹ ናቸው። ስልኩን አጥፍቶ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይከታል፤ ኤስኲሊኖ ደርሶ ሲያቆም ይደውልላታል፤ እሷ አትደውልም። ስምምነታቸው ይኼው ነው።

ቀላል አልነበረም። ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ የሚደውልበት ሰዓት አለፈ። ንግሥት የሲኞራን ፀጉር እያጠበች ነበር፤ ስልኩ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሆነ። እጇ በሳሙና ባይያዝ ኖሮ ምን እንደምታደርግ እሷም አታውቅም። ስለ ቪያ ካዚሊና ላለማሰብ ያንኑ ፀጉር ደጋግማ አሸችው።

«ደውዪለት» አሉ ሲኞራ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

«አይ፣ ሊነዳ ይችላል።»

ስልኩ ሲጮኽ በእርጥብ እጇ አነሳችው።

«ቆመሃል?»

«ቆሜያለሁ፣ ሱቅ በር ላይ ነኝ። ከባለሱቁ ጋር ስፒናቹ ጠውልጓል፣ አልጠወለገም ስንባባል ነው መደወሉን የረሳሁት። ይቅርታ።»

ንግሥት ጣሊያንኛውንም አማርኛውንም ደባልቃ ወረደችበት። ልቤ ቆሞ ነበር አለችው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ገደልከኝ አለችው፤ እሱም ከወዲያ «እሺ፣ እሺ፣ ልክ ነሽ» ይላል። እየተቆጣችው ሳለ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ንግሥት» አሉ ሲኞራ ኦርኔላ፣ አረፋው ወደ ግንባራቸው እየወረደ፣ «ደስ ብሎኛል፤ ግን ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ።»