ደብተሬን የለበድኩበት ማህደር

ካኪ ማህደር ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ከፍቼ የውስጡ ወረቀት የባለቤቱ መሆኑን ካላረጋገጥኩ አይሆንልኝም። ባልደረቦቼ «ምን ያቅበጠብጥሻል?» ይሉኛል።

በደርግ ጊዜ እናቴ ሾላ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ስለምትሠራ፣ እኔን የሚይዝላት ሲጠፋ ይዛኝ ትሄዳለች። ክፍሉ አቧራ አቧራና ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ በመስኮቱ ደግሞ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። አንድ ቅዳሜ፣ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የሰፈር ልጆች ደብተራቸውን በጋዜጣ ሲለብዱ እኔ ያን ጠንካራ ካኪ ተመኘሁ። እማ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ አንዱን ማህደር ከመደርደሪያው ሳብኩ፤ ወረቀቶቹን ከጎኑ ባለው ማህደር ውስጥ ጠቅጥቄ ሽፋኑን ቀሚሴ ሥር ደበቅኩት። እቤት ስገባ ላዩ ላይ የተጻፈውን የማህደር ቁጥር ወደ ውስጥ አዙሬ የሒሳብ ደብተሬን ለበድኩበት። ወይ ብልጠቴ!

ሰኞ ያ ማህደር ተፈለገ። ምርመራ ላይ ያለ የአንድ ሾፌር ነበር። ኃላፊዋ ጓድ ንጉሤ «እስከ ዓርብ ካልተገኘ አሻጥር ነው፤ ለአብዮት ጥበቃ አስረክብሻለሁ» እንዳላት እማ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ያኔ ሕፃንም ያውቃል።

እማ እህል አልወርድላት አለ። ቀኑን ሙሉ መደርደሪያውን ስታገላብጥ ትውላለች፤ የምትፈልገው ቁጥር ግን እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እግሬ መስመር እየረገጠ ተሸነፍኩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለች ራሷን ስታጽናና ሹልክ ብዬ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ወላሂ፣ ያን ተረት እስከ ዛሬ አልወደውም።

ሐሙስ ከሥራ ገብታ ብርድ ልብስና ቅያሪ ቀሚስ ዘንቢል ውስጥ ስትከት አየኋት።

«እማ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«ነገ ካልመጣሁ አባትሽን እንዳታስቸግሪ፣ እሺ?»

ሮጬ ደብተሩን አመጣሁና ጭኗ ላይ ጣልኩት። ሽፋኑን ገልጣ ቁጥሩን አየች። ጥፊ ጠበቅኩ።

«ወረቀቱስ?» አለች ብቻ።

«ከጎኑ ያለው ውስጥ ነው።»

መሬት ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች። «አንቺ ልጅ፣ ገድለሽኝ ነበር እኮ!» አለችና ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ዓርብ በሰዓቷ ቤት ገባች። ምን ብላ እንዳመለጠች አልነገረችኝም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም።

አድጌ እኔም በእሷው ሙያ ተቀጠርኩ። ጡረታዋን ላስጨርስላት ሄጄ የግል ማህደሯን ስከፍት፣ «ወረቀቶቹን በግዴለሽነት ሌላ ማህደር ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ» የሚል የእሷ ጽሑፍ አገኘሁ። ከሥሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ከዚያ ደግሞ የደረጃ እድገት የተከለከለችበት ደብዳቤ አለ።

ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ስማችንን የሚያጎድፍ ነገር ሲመጣ አንድ ቁልፍ ተጭነን ብናጠፋው ደስ ይለናል። የእማ መዝገብ ቤት ቁልፍ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በእሷው እጅ ነበር። የእኔን ጥፋት በራሷ ስም ጽፋ፣ በገዛ እጇ የገጽ ቁጥር ሰጥታ፣ በቦታው አስቀምጣዋለች።