ከድር እስከ ድር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለች ጠባብ የጭነት ወኪል ቢሮ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ዕቃው የሚነሳበትንና የሚደርስበትን አውሮፕላን ማረፊያ ኮድ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ በመካከላቸው ያለውን የአየር ርቀት ቅጽ ላይ መሙላት ነው። ከሻንጋይ ፍራንክፈርት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ። አውሮፕላን ግን ተሳፍሬ አላውቅም። ሰው "አንቺማ ዓለምን ዞረሻል" ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ወንዙን የምሻገረው ለሥራ ብቻ ነው። ጎርፍ መጥቶ ወዲህ ማዶ ካስቀረኝ ማን ያገላብጣታል እያልኩ ዝናብ ባንዣበበ ቁጥር እብከነከናለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ መጡ።

"ልጄ፣ ከዚህ ከኛ ከተማ ቻይና ጓንዡ ስንት እንደሆነ አስሊልኝ እስቲ" አሉኝ።

የድሬዳዋ ኮድ በእንግሊዝኛ ፊደል ዲ፣ አይ፣ አር ነው። መነሻው ላይ እሱን ጻፍኩ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

"መቼ ነው የምትመጪው?"

"መጣሁ እማዬ፣ መጣሁ" እያልኩ መድረሻውም ላይ ያንኑ ደገምኩት። ዜሮ ኪሎ ሜትር የሚል ወጣ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ገጣጥመው አነበቡ።

"ድር። ከድር እስከ ድር። የሸረሪት ነው እንዴ አቦ?" ብለው ከልባቸው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም።

"ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው" ብዬ ላጠፋው ስል ስልኬ እንደገና ጮኸ። እናቴ ናት።