በእድር ድንኳን ዓለምን ለመዞር

ናዝሬት፣ ንጋት 12 ሰዓት

ጀልባዬን ኤንትሬ የጭነት መኪናው ላይ ለመጫን አራት ሰው በቃ፤ እኔን ለመጫን ሁለት። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የባቡር ፉርጎ ሲጠግን የኖረ አናጢ ነኝ፤ ባሕር ያየሁት አንዴ ጅቡቲ ላይ ነው፣ እሱንም ከባቡር መስኮት። ታዲያ ባለፈው ክረምት፣ ፈረንጆች አንድ ሰው ብቻውን በነፋስ ጀልባ ዓለምን ዞሮ የሚመለስበት ውድድር እንዳላቸው በሬዲዮ ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። ጓሮዬ ውስጥ ጀልባ ሠራሁ። ሸራ ቢጠፋ የእድራችንን አሮጌ ድንኳን ተዋስኩ።

ባለቤቴ አስካለ በር ላይ ቆማ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ዝዋይ ሐይቅ ላይ ቅርቧን ደሴት ብቻህን ዞረህ ከመጣህ፣ ለፈረንጆቹ የምትልከውን ደብዳቤ እኔው እጽፍልሃለሁ። ካልሆነ ጀልባዋ የዶሮ ቤት ትሆናለች።»

ዶሮዎቹ የሰሙ መሰለኝ፤ ጀልባዋን አይተው አይተው አልጠገቡም።

ሞጆ፣ 1 ሰዓት ተኩል

ኬላ። ከቀበሌ ያወጣሁት የይለፍ ወረቀት «አንድ ጀልባ» ይላል። ከናዝሬት ጀልባ! ምን ብዬ ነው የማስረዳው? ጠመንጃ ያነገተው ጓድ ቀና ብሎ አየ፦ በድንኳን የተሸፈነ ረጅም እንጨት፣ ድንኳኑ ላይ በትልቁ የተጻፈ የእድር ስም፣ አጠገቡ የተኮራመተ ሽማግሌ። ቆቡን አወለቀ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ አባባ።»

ገመዱም ወረደ። አፌን ከፈትኩ፤ ወረቀቴ ትዝ አለኝ፤ መልሼ ዘጋሁት። እንዲያውም ትንሽ አቃሰትኩ።

ሾፌሩ ቶሎሳ ሳቁን እስከ ቆቃ ድረስ አምቆ፣ እዚያ ሲደርስ ለቀቀው። «አባባ፣ እርስዎ ለቴአትር እንጂ ለባሕር አልተፈጠሩም!»

ዓለም ጤና፣ 3 ሰዓት

መንገዱ ዳር እንደ አጥር የተደረደረ የሽንኩርት ኬሻ፣ አቧራ፣ ሙቀት። ጫልቱ የምትባል የሽንኩርት ነጋዴ ወደ ዝዋይ ልትሄድ ከእኛ ጋር ተሳፈረች። «አካም ቡልተን?» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረች፤ ወዲያው ድንኳኑን አየች።

«ማን ነው የሞተብዎት፣ አባቴ?»

«ተይኝ እስቲ» አልኳትና ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን በጋቢ ሸፈንኩ። ጫልቱ እስከ መቂ አለቀሰችልኝ።

ዝዋይ፣ 5 ሰዓት

ጀልባዋን እስክናወርድ ጫልቱ ሐዘኔን ለዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ አዳርሳለች። ጀልባዋ ግን ተንሳፈፈች! ከሁሉም በላይ የገረመው እኔን ነው። ነፋሱ ድንኳኑን ሞላው፤ የእድራችን ስም ሐይቁ ላይ ተነፋ። ልሄድ ስል፣ ደበላ የሚባሉ ሽበታም ዓሣ አጥማጅ ገብተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ይውረዱልኝ እንጂ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«ሐዘንተኛ ብቻውን ውሃ ላይ አይለቀቅም።»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም!»

«መጀመሪያ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

አራት ሰዎች ደግሞ በደንገል ታንኳ ግራና ቀኝ አጀቡኝ። ከደሴቲቱ ጀርባ ነፋሱ ሲያርፍ፣ እኔን ለማጽናናት እያንዳንዳቸው የሞተባቸውን ነገሩኝ። ደበላ ልጃቸውን እዚሁ ውሃ ውስጥ ነው ያጡት። የኬላው ማቃሰት ያኔ ቆጨኝ። ስንመለስ ትልቁን ዓሣ ጠብሰው ለእኔ ሰጡኝ፤ ያለ እፍረት በላሁት።

ናዝሬት፣ በማግስቱ ረፋድ

አስካለ በሩ ላይ ናት።

«ዞርክ?»

«ዞርኩ።»

«ብቻህን?»

ቶሎሳ ሰማይ ሰማዩን ያያል። መዋሸት ይቻል ነበር። ደበላ ትዝ አሉኝ።

«ስድስት ሆነን።»

ነገሩን ስተርክላት አስካለ የበሩን መቃን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ጭድ አመጣች።

ድንኳኑን ለእድሩ መለስኩ። ዶሮዎቹ ማንም ሳይገፋቸው ጀልባዋ ውስጥ ገቡ። አውራ ዶሮው ግን ተለይቷቸው የጀልባዋ አፍንጫ ጫፍ ላይ ወጣ፤ ነፋሱን ተቀብሎ ክንፉን ዘረጋ። ብቻውን። አንድም ሰው ሊያጽናናው አልመጣም።