«ሃቭ»ን አውጪው

ያንን የእንግሊዝኛ መምህር ዛሬም አልወደውም። ደምበል አካባቢ ካየሁት መንገድ እቀይራለሁ፤ ሰላም ብሎኝ ሰላም ከማለት ፀሐይ ላይ መሄድ ይሻለኛል።

የምንማረው ከሥራ በኋላ፣ ባምቢስ ካለ አንድ ፎቅ ላይ ነበር። ያኔ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ነበርኩ። ወደ ሪሴፕሽን ለመውጣት የእሱን የቃል ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። እንፋሎቱ ደረቴን እየበላው ስለነበር ፈተናው ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ይህን ያውቃል። እያወቀ፣ በዕድሜ የምበልጠው ልጅ፣ «አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው!» እያለ ይጠራኛል።

ሲያስተምር ሰሌዳውን በማርከር ያንቋቋዋል። ፓስት ሲምፕል አልቆ ለተዘጋ ነገር ነው፤ ፕረዘንት ፐርፌክት፣ «ሃቭ» ያለበቱ፣ ግን ድሮ ተጀምሮ ዛሬም ላለ። ይሄ ገብቶኛል፣ ደደብ አይደለሁም። ነገር ግን በእኛ አፍ «ኖሬያለሁ» ለቆመውም ለፈረሰውም ቤት ይሆናል፤ ተነሥቶ ማርከር የሚያንቋቋብን የለም።

የፈተናው ዕለት ስለ ሰፈሬ እንድናገር አዘዘኝ።

«አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ካዛንቺስ ኦል ማይ ላይፍ» አልኩ፣ አንዴም ሳልደናቀፍ።

ቀና አለ። «አሁንም እዚያ ነሽ?»

«አይ፣ ቤታችን ለመንገድ ፈርሷል። አሁን ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ነን።»

«በቃ አለቀ። ሃቭን አውጪው።»

«ቲቸር፣ የተወለድኩበት እኮ ነው! እናቴ እስካሁን ሰፈርሽ የት ነው ሲሏት ካዛንቺስ ነው የምትለው።»

«እናትሽን አልፈተንኩም።» ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ደሜ ፈላ። እሱ ግን ቀጠለ። «ማለቴ፣ ግራመር ለቅሶ አይደርስም። ወይ አርሚው፣ ወይ ወደ ላውንደሪሽ።»

ስድቡ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ቤቱ ሲፈርስ አላለቀስኩም። ዕቃውን አይሱዙ ላይ የምጭነው እኔ ነበርኩ፤ እናቴም በሩን ነቅላችሁ ካልሰጣችሁኝ አልሄድም ብላ ቆማ እሷን ስለምናት ፋታ አላገኘሁም። ከዚያም ወዲህ ቢሆን አለቀ ብዬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለራሴም። ይኸው አንድ ጎረምሳ በማርከር እየጠቆመ «አለቀ» ሊያስብለኝ ነው። ደረቴ ያፏጫል።

«አይ ሊቭድ ኢን ካዛንቺስ» አልኩ።

«ጉድ!» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ አሳለፈኝም።

እኔ ግን የሰማሁት በአማርኛ ነው።