የቪናው ሰም

ሽማግሌውን ያወቅኳቸው በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራዬ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ስካይቪው ራንች በሚባል ሰፈር ልጃቸው ቤት ጠዋት ጠዋት አጥቤ፣ አልብሼ፣ ቁርስ አብልቼ ወደ ሌላ ክላየንት እሮጣለሁ። ልጃቸው ነርስ ናት፤ ሺፍቷ ከኔም ይብሳል። በስማቸው ጥሪያቸው ብትለኝ እንዴት ይሆንልኛል፣ አባቴን የሚያክሉ ሰው! ጋሼ አልኳቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። በመጀመሪያው ቀን ጥፍራቸውን ልቆርጥ ስል ቀኝ እጃቸውን ነጠቁኝ። ሁለቱን ጣቶች እንዳትነኪ አሉኝ፤ ቪና የሚመታው በጥፍር ነው።

ጋሼ ደቡብ ህንድ ውስጥ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ነበሩ። አባታቸው ለንጉሡ ቪና ይደረድሩ ነበር፤ እሳቸውም በልጅነታቸው ከአባታቸው ኋላ ተቀምጠው ጀምረው ቦታውን ወረሱ። ቪና ሰው የሚያህል ባለ ክር የእንጨት የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ወለል ላይ ቁጭ ብለው ጭን ላይ አስደግፈው ይጫወቱታል።

«ንጉሡ ጎበዝ ይሉዎት ነበር?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«በእኛ ቤት ቆንጆ ነው አይባልም» አሉኝ። «ልክ ስጫወት አባቴ ዝም ብሎ ጭኑን በእጁ መታ መታ እያደረገ ምት ይይዝልኛል። ስሳሳት እጁ ይቆማል። ምስጋና የሚሰጠው ለሚታዘንለት ሰው ነው።» ልጃቸውንም ያስተማሯት እንደዚሁ ነው።

በዓመት አንድ የበዓል ጠዋት አለቻቸው። ቪናው በአምላካቸው ፊት ሳይነካ ያድርና በማግስቱ የግድ መመታት አለበት። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ዓመት አልዘለሉም። ዘንድሮ ግን በዓሉ ሲቃረብ በረዶው ቀደመ። ቪናው ቤዝመንት ነበርና ልጅቱ ብርድ እንዳይነካው ብላ ሂተር አጠገቡ ለኮሰችለት። ደግነቷ ነው ጉድ የሠራት። ጣት የሚያርፍባቸው የናስ ዘንጎች የተተከሉት በሰም ኖሯል፤ ሰሙ ቀለጠና ዘንጎቹ ተንጋደዱ። ካልጋሪ ውስጥ ደግሞ ይህን የሚጠግን ሰው ከየት ይመጣል?

«ሰም አምጪልኝ እንጂ እኔው እተክለዋለሁ» አሉ ጋሼ።

ሰምስ አላጣም። ከቤተ ክርስቲያን የተራረፈ ጧፍ ሰብስቤ መጣሁ። የማርያምን ጧፍ ለሌላ አምላክ በዓል! ከነከነኝ፤ እሷው ይቅር ትበለኝ ብዬ ተውኩት። ሰሙ እንዲጠነክር ከሰል ፈጭተን አብረን አቀለጥን። ጋሼ የሚያፏጨውን ሂሪንግ ኤድ፣ የመስሚያ መሣሪያቸውን፣ አውልቀው፣ ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው፣ አንዱን ዘንግ ገፋ፣ ሌላውን ሳብ ሲያደርጉ ሰነበቱ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

የበዓሉ ጠዋት ልጅቱ ከነዩኒፎርሟ ከሥራ ገባች። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። እኔ ጀርባቸውን ደግፌአለሁ። ጀመሩ።

እኔ ስለ ህንድ ሙዚቃ የማውቀው ነገር የለም። ግን ዜማው ጠፍቶበት ሳያውቀው የሚዘምር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በራስ መተማመኑ ነው አንጀት የሚበላው። ልጅቱ ጥቂት ምት ያዘች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ዘንጎቹን የተከሉት በከዳቸው ጆሮ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡ። ያዩት እጇን ነው። እሷም ደንግጣ መልሳ ጭኗን መምታት ጀመረች፤ ዘፈኑ ግን አልቋል።

«በጣም ቆንጆ ነበር፣ አባ» አለች በእንግሊዝኛ።

ምናለ ያን ቃል ባታወጣው። ጋሼ ለእንግዳ ሰው እንደሚደረገው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኗት። ከዚያ ጨርቁን አቀብዪኝ አሉኝና ቪናውን ሸፈኑት። ልጅቱ ሻወር ልውሰድ ብላ ገባች፤ ውሃው ሳይዘጋ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥባቸው ቀኝ እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉልኝ።

«ሁሉንም ቁረጪ» አሉኝ።

ይቅር ጋሼ አልኳቸው። እጃቸውን አልሰበሰቡም። ቆረጥኩ።