የዓርብ አባቴ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመው ወጣት ዘበኛ ጎንበስ ብሎ "ወላጅ ነዎት፣ እማማ?" ሲለኝ ለመግባት ያነሣሁትን እግር መለስኩ። ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም። ልጄ ለሥራ አዲስ አበባ ከሄደች ወዲህ ትንሿን ኤልዳናን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱም "ልጆቻችንን በትምህርታቸውም በስሜታቸውም እንዴት እንደግፍ" የሚል ስብሰባ ጠርቶ በስልኬ መልእክት ልኮልኛል። "አዎ" ብዬ መግባት ነበረብኝ። እኔ ግን የደብረ ብርሃን የኅዳር ንፋስ ነጠላዬን እየገለበው እዚያው ቆምኩ። ሌላ በርና ሌላ ዘበኛ ፊቴ መጡብኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት እናቶች "ይግቡ እንጂ" ባይሉኝ ተገትሬ እቀር ነበር።

ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ዘመኑም ደርግ። የተወለድኩት ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት መንደር ነው። ስምንተኛ ክፍልን አንኮበር ጨርሼ ዘጠነኛን ለመማር ደብረ ብርሃን መውጣት ነበረብኝ። በዚያው ክረምት አጎቴ ከመዘዞ ባል አግኝቶልኝ ሽማግሌ አስልኮ ነበር። አባቴ ፊደል የማይለይ ገበሬ ነው፤ ንግግርም አያበዛም። ሽማግሌዎቹ በልተው ከጠጡ በኋላ "ልጄ ትማራለች" አላቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። አጎቴ ብድግ ብሎ "እናያለና! ከተማ ገብታ ስትበላሽ እኔን እንዳትጠራኝ" ብሎ ወጣ።

መስከረም ላይ አባቴ አንኮበር ድረስ ሸኝቶኝ በእህል መኪና አሳፈረኝ። "የሺዬ፣ አደራ" አለኝ፣ "ለአጎትሽ አፍ እንዳትሰጪኝ።" መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ ሲያየኝ አየሁት።

የተከራየሁት እትዬ ወርቄ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። አብራኝ የተከራየችው የደብረ ሲናዋ ዘነበች ትምህርቷ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የእኔ ጠዋት። እኔ ስመለስ እሷ ትወጣለች። ስትመለስ ደግሞ ጓደኞቿ ዘንድ ጎራ ብላ ስለሆነ በወጉ የምንገናኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። አገር ቤት ስድስት ሆነን በአንድ ትሪ ነበር የምንበላው፤ እጅ ከእጅ እየተጋጨ፣ እናቴ እየተቆጣች። ደብረ ብርሃን ድርቆሼን በውሃ አርሼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እበላለሁ። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" የሚለው ተረት ስስታምን ለመገሠጽ እንደተባለ አውቃለሁ። ያኔ ግን በጎረስኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ አላስበላ ይለኝ ነበር።

ትምህርቱ ደግሞ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነብኝ። የከተማው ልጆች እጃቸውን ሲያወጡ እኔ እጄን ከጠረጴዛው ሥር እደብቃለሁ። መጀመሪያ መጠየቅ ተውኩ፤ ቀጥሎ መመለስ ተውኩ። በመጨረሻ ስም ሲጠራ እንኳን "አቤት" ማለት አቅቶኝ ጣቴን ብቻ ቀሰር ማድረግ ጀመርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳልተነፍስ የዋልኩባቸው ቀኖች ነበሩ። አንድ ቀን ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ የራሴን ስም ጠርቻለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በጥቅምት መጨረሻ ፈተና ወደቅሁ። የክፍላችን ኃላፊ ቲቸር አስካለ ዓርብ ቀን አስቀርታ "እስከሚቀጥለው ዓርብ ወላጅ ይዘሽ ነይ። ካልመጣሽ ከዚያ ወዲያ ክፍል አትገቢም፤ ደንቡ ነው" አለችኝ። ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ወጣት ነበረች። ያኔ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ ሳስባት አንቺ እላታለሁ።

የሰጠችኝን የወላጅ መጥሪያ ደብዳቤ ይዤ ወደ ክፍሌ ስመለስ የታየኝ አባቴ አልነበረም፤ አጎቴ ነው። ወላጅ ተጠራ ማለት መንደሩ ሰማ ማለት ነው። መንደሩ ከሰማ የመዘዞው ሙሽራ በሳምንቱ ይመጣል። አባቴም በሽማግሌ ፊት የተናገረውን ቃል ይውጣል። እሱን ማየት ከመዳሩ ይብስብኝ ነበር።

ማታ ለዘነበች ብነግራት ሳቀችብኝ። "አንቺ ደግሞ! የሩቅ አገር ልጅ ሁሉ ወላጁን ከገበያ ነው የሚያመጣው። አምና እኔን የወለደኝ ማገዶ ሻጭ ነበር።"

ለእኔ የታየኝ ሰው ጋሽ ሁሴን ነበሩ። ጋሽ ሁሴን የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። ዓርብ ዓርብ በርበሬና ጥጥ ጭነው ይመጡና ለቅዳሜ ገበያ ጆንያቸውን እትዬ ወርቄ ቤት ያሳድራሉ። ባገኙኝ ቁጥር "እንደምን ዋልሽ ልጄ" ብለውኝ ያልፋሉ። ግቢው ውስጥ ልጄ ብሎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ጆንያ ሲያስሩ ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው።

"አባትሽ በሕይወት የሉም?" አሉኝ።

"አሉ።"

"አባት ያላትን ልጅ፣ አባቷ እኔ ነኝ ልበል? አዑዙ ቢላህ!"

አለቀስኩ። በርበሬው ያስለቀሰኝ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ጋሽ ሁሴን ገመዱን ለቀቁና ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

"በይ ተይ፣ አታልቅሺ። በሚመጣው ጁምዓ ሰግጄ እመጣለሁ። ግን አባቷ ነኝ አልልም። ስለ ልጅቷ መጣሁ ነው የምለው።"

"ቆቡንስ?" አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ።

"ቆቤ ምን አደረገሽ?"

"የአባቴ ስም ወልደ ማርያም ነው።"

ጋሽ ሁሴን እስኪያስላቸው ሳቁ። "እንግዲህ ሴትዮዋ ካልጠየቀችኝ አልናገርም። ቆቤን ግን አላወልቅም። አንድ ውሸት ይበቃናል።"

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቆባቸውን እንደደፉ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። ቲቸር አስካለ ወንበር ስትስብላቸው "ቢስሚላህ" ብለው ተቀመጡ። እሷ መዝገቡን አየች፤ እሳቸውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። መዝገቡን ቀስ ብላ ዘጋችው።

"እንኳን ደኅና መጡ፣ አባት" አለች። "ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ዝም ብላለች፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። እርስዎ ያነጋግሯታል?"

"እኔ የማያት ዓርብ ዓርብ ነው" አሉ ጋሽ ሁሴን። "'እንደምን ዋልሽ' ብያት አልፋለሁ።" እውነታቸውን ነበር።

"ስንተኛ ወጣሽ ብለው አይጠይቋት፤ እሱን እኔ እጠይቃታለሁ። እርስዎ 'ምን ከበደሽ?' ይበሏት። 'ምንም' ትልዎታለች። ያን ጊዜ ተነሥተው አይሂዱ። ትንሽ ይቀመጡ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መቀመጥ ነው፣ አባት። ሌላ መድኃኒት እኔም የለኝም።"

ጋሽ ሁሴን እንደ ትልቅ አደራ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቲቸር አስካለ ወረቀቱ ላይ ፈረመችና "ሰኞ ግቢ" አለችኝ። ተረፍኩ ብዬ ወጣሁ። ከመስከረም ወዲህ እንደዚያ የቀለለኝ ቀን አልነበረም።

በሩ ላይ ዘበኛው ጠራኝ። "የሺ ማለት አንቺ ነሽ? እንኪ፣ አንድ ሰው ትተውልሽ ሄዱ።"

የሰጠኝ ጥቅል በባና የታሰረ ነበር። ባና ከበግ ፀጉር የሚሸመን የደጋ ሰው ልብስ ነው፤ ይህኛው ጫፉ ላይ እናቴ በጥቁር ክር የጣፈችው ነው። የአባቴ ባና።

ለካ ትምህርት ቤቱ ለእኔ ከሰጠኝ ደብዳቤ ሌላ አንዱን በገበሬ ማኅበሩ በኩል ልኮ ኖሯል።

"ምን አሉህ?" አልኩት ዘበኛውን።

"'የየሺ አባት ነኝ' አሉኝ። 'ተሳስተዋል፣ የየሺ አባት አሁን ገቡ' አልኳቸው። በበሩ አጠገብ ባለው በአስተማሪዋ ቢሮ መስኮት ወደ ውስጥ አዩ። ቆይተው 'እውነትህን ነው፣ ገብተዋል' አሉኝና ይህን ሰጥተውኝ ሄዱ።"

ሮጥኩ። የአንኮበር መኪና ከሚጫንበት ቦታ ስደርስ መኪናው የለም። መሬቱ ላይ የፈሰሰ ገብስ የሚለቅሙ ሁለት ዶሮዎች ብቻ ነበሩ። ጋሽ ሁሴን እያለከለኩ ከኋላዬ ደረሱ። ጥቅሉን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሳልነግራቸው ገባቸው።

"ያ ረቢ፣ ምን አደረግሁ" አሉ። ከዚያ የመንደራችንን ስም ጠየቁኝ።

ክፍሌ ገብቼ ጥቅሉን ፈታሁት፤ ቆሎ፣ በሶ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ። ያን ቀን ደብረ ብርሃን ውርጭ የጣለባት ቀን ነበር። አባቴ በጭነት መኪና ላይ ሜዳውን ሁሉ በአንዲት ስስ ኩታ ነው ያቋረጠው። ባናውን ለብሼ ተቀመጥኩ። የእሱን የጭስና የበግ ሽታ ይሸት ነበር። የሰው አባት አስገብቼ የራሴን አባት በር ላይ መለስኩት። እሱ ደግሞ ውሸቴን ደግፎልኝ ሄደ። እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሁሴን ዓርብ በመጡ ቁጥር ጆንያቸው ላይ ቁጭ ብለው "ምን ከበደሽ?" ይሉኛል። "ምንም" እላለሁ። አይነሡም። መቁጠሪያቸውን ያወጣሉ፤ ያነጥሳቸዋል፤ ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ዓርብ "ብቻዬን መብላት" አልኳቸው። ምክር አልሰጡኝም። ለእትዬ ወርቄ ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ከማግሥቱ ጀምሮ ግን ምሳዬን ከእትዬ ወርቄ ጋር መብላት ጀመርኩ። በአምስተኛው ዓርብ ስለ እንግሊዝኛው ነገርኳቸው፤ ቀስ በቀስ ክፍል ውስጥም "አቤት" ማለት ቻልኩ። በዓመቱ መጨረሻ እንደምንም አለፍኩ። አጎቴም አፉን ያዘ።

ለገና አገር ቤት ስሄድ ባናውን አጥቤና አጥፌ ለአባቴ መለስኩለት። በሩን አላነሣም፤ ዘበኛውን አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ባናውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ "ያዢው፤ እዚያ ይበርዳል" ብቻ አለኝ።

ግንቦት ላይ ጋሽ ሁሴን ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። መንደራችን ጎራ ብለው ከአባቴ ጋር ተቀምጠው ኖሯል፤ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልነገሩኝም። በዚያ ዓመት አባቴ መሠረተ ትምህርት ገብቶ ነበር። ፊደሎቹ በእርሳስ የተጻፉ ናቸው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ መስመሩን ለቀው ወደ ታች ይወርዳሉ።

"ልጄ የሺ ምን ከበደሽ። አባትሽ።"

ሙሉ ገጽ መልስ ጻፍኩለት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ እትዬ ወርቄ ላም ጻፍኩ። በመጨረሻው መስመር ላይ "እኔ ምንም አልከበደኝም፤ ደኅና ነኝ" አልኩ። እንዳያዝንብኝ ብዬ ነው። ደብዳቤ ደግሞ እንደ ሰው አጠገብ ተቀምጦ አይጠብቅም። ጤና ረዳት ሆኜ ደመወዝ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት አባቴ አረፈ። ይቅርታ ሳልጠይቀው፣ ያን በር ሳናነሣው ቀረ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

የኤልዳና ትምህርት ቤት ስብሰባ ጥሩ ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ በግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ ልጅን ስለማዳመጥ ብዙ ነገረን። ሌሎቹ ይጽፉ ነበር። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ መስኮቱን ሳይ ቆየሁ፤ በዚያ በኩል ማንም አልነበረም።

ቤት ስገባ ኤልዳና ደብተሯን ዘርግታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷ ከሄደች ወዲህ ጥጓን ትወዳለች፤ እኔም ጨዋ ልጅ ነች እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ ከርሜአለሁ።

"ምን ከበደሽ፣ የኔ ልጅ?" አልኳት።

"ምንም" አለች ቀና ሳትል።

እንደገባሁ የሽሮ ድስት ጥጄ ነበርና ልነሣ ጉልበቴን ያዝኩ። ከዚያ ተውኩት። ሽሮው የራሱ ጉዳይ ብዬ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ማረር ሲጀምር ሁለታችንም ሸተተን፤ አልተነሣሁም።

"እንግዲያው መጀመሪያ እኔ ልንገርሽ" አልኳት። "እኔን ካንቺ ትንሽ ከፍ ባልኩበት ዕድሜ ብቻዬን መሆን በጣም ከብዶኝ ነበር። አባቴ በደብዳቤ ጠይቆኝ ምንም አልከበደኝም አልኩት።"

"ለምን?" አለች፤ አሁን ቀና ብላ።

"እንዳያዝንብኝ።"

ኤልዳና እርሳሷን አስቀመጠች። "እኔም እማዬ በስልክ ስትጠይቀኝ እንደሱ ነው የምላት" አለችና ተጠግታ ጭኔ ላይ ተደገፈች።